አንድ መንገድ፣ አራት ብስክሌቶች፦ ለሥራ ምልልስ የሚሆን ብስክሌት አመራረጥ (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ጉዳይ፣ ምንም ብልሽት የሌለበት አዲስ ብስክሌት ገዝታ ለሥራ ምልልስ ልትጠቀምበት ያልቻለች አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ያጋጠማት ነው። ብስክሌቱ አልተሰበረም፣ ርካሽም አልነበረም፤ ሆኖም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በረንዳ ላይ ቆሞ አቧራ መልበስ ጀመረ። ሥራዬ የብስክሌት ጥገና በመሆኑ ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው «ይህን ሽጬ ሌላ ልግዛ ወይስ ይስተካከላል?» በሚል ጥያቄ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሂደት በቅርብ ስለተከታተልኩት፣ ተመሳሳይ ምርጫ ለሚጠብቃቸው ሰዎች ይጠቅማል ብዬ በማመን በዝርዝር አስፍሬዋለሁ። የባለጉዳይዋን ማንነት የሚጠቁም ነገር ሆን ብዬ ትቻለሁ።

የጉዳዩ መነሻ

ባለጉዳይዋ በአርባዎቹ ዕድሜ ላይ የምትገኝ፣ ቁመቷ 1.58 ሜትር፣ ክብደቷ 65 ኪሎ ግራም የሆነ፣ ጤናማ ግን ስፖርት የማታዘወትር ሰው ናት። ከቤቷ እስከ መሥሪያ ቤቷ 8 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ አስፋልት ቢሆንም በየቦታው የተሰነጠቀና የተለጣጠፈ ነው። ጠዋት አብዛኛው ቁልቁለት ሲሆን፣ ማታ ወደ ቤት ስትመለስ መጨረሻ ላይ 1.2 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዳገት ይጠብቃታል። በየቀኑ ላፕቶፕ፣ ሰነዶች፣ መቀየሪያ ጫማና ቁልፍ ትይዛለች፤ ሲመዘን ወደ 5 ኪሎ ግራም ይሆናል። የምትኖረው አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ታች ብስክሌት ማቆሚያ የለም። መሥሪያ ቤቷ ደግሞ ጣሪያ የሌለው የብስክሌት ማቆሚያ አለው።

የገዛችው 21 ማርሽ ያለው የተራራ ብስክሌት ነበር። የፊት ሹካው ባለ ሞላ፣ ጎማዎቹ ባለ 26 ኢንች፣ ወርዳቸው 2.1 ኢንች የሆነና ጥርስ የበዛባቸው፣ ጠቅላላ ክብደቱ 15.5 ኪሎ ግራም ነው። የመረጠችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ መንገዱ ጎርባጣ ስለሆነ ጠንካራ የሚመስለውን ያዘች። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ገዢዎች ዘንድ የሚታይ ሲሆን፣ በራሱ ሞኝነት አይደለም። ችግሩ የብስክሌቱ ጥንካሬ የተሠራው ለድንጋይና ለጭቃ እንጂ ለተሰነጠቀ አስፋልት አለመሆኑ ነው።

ችግሩ

ቅሬታዋ አራት ነገሮችን የያዘ ነበር። ሜዳ ላይ ሳይቀር ቶሎ ትደክማለች፤ የጉልበቷ ፊት ለፊት ያማታል፤ ቦርሳውን በጀርባዋ ስለምታዝል ቢሮ የምትደርሰው ሸሚዟ ከጀርባዋ ላይ ተጣብቆ ነው፤ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ የኋላው ጎማ የሚረጨው ውኃ ከወገቧ እስከ አንገቷ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር ያሰምርባታል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን «እኔ ለብስክሌት የሚሆን ጉልበት የለኝም» ብላ መደምደሟ ነበር። ያልተስማማ ብስክሌት የያዘ ሰው ብስክሌቱን ሳይሆን ራሱን ነው የሚወቅሰው፤ ብዙዎችም ብስክሌትን ለዘለቄታው የሚተዉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ግዢውን ለጊዜው አቆይተን በእጇ ያለውን ብስክሌት መመርመር ጀመርን።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ያለውን ማስተካከል

ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣ ስትነዳ ከኋላ ሆኜ ሳያት፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቷ ገና በሰፊው እንደታጠፈ ነበር። ኮርቻው በጣም ዝቅ ብሏል። ለዚህ የቆየ መለኪያ አለ፦ ሰውየው ባዶ እግሩን ግድግዳ ተደግፎ ይቆምና፣ ከወለሉ እስከ ብሽሽቱ ያለው ርዝመት ተለክቶ በ0.883 ይባዛል፤ ውጤቱ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት መሃል እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። የእሷ 73 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ስሌቱ ወደ 64.5 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ኮርቻዋ ከዚህ በ7 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንስ ነበር። ቁጥሩ መነሻ እንጂ ፍርድ ስላልሆነ በቀላሉ ዘዴም አረጋገጥነው፤ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ተረከዝን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግር ቀጥ ማለት አለበት፤ ወገብ ግን ወደ ጎን ማዘንበል የለበትም። ከፍታው በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ስለሚያስፈራ ቀስ በቀስ ከፍ አደረግነው። እግሯ መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ ስለማያርፍ መጀመሪያ አልወደደችውም ነበር፤ ለመቆም ከኮርቻው ወደ ፊት መውረድን ስትለምድ ግን ቅሬታው ቀረ። የጉልበቷ ሕመምም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጠፋ።

ቀጥሎ ጎማዎቹን ተመለከትን። የአየር ግፊታቸው በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን እንኳ በታች ነበር። ከሞላነው በኋላ ልዩነቱ ወዲያው ታወቃት። ከዚያም ጥርሳሞቹን ጎማዎች አውጥተን በዚያው ቸርኬ ላይ የሚገቡ፣ ወርዳቸው 1.5 ኢንች የሆነ ለስላሳ ጎማዎች አስገባን። ጥርሳም ጎማ አስፋልት ላይ ሲሽከረከር እያንዳንዱ ጥርስ እየታጠፈ እየተቃና ጉልበት ይበላል፤ ሲዞር የሚሰማው ድምፅም ከዚሁ የሚመጣ ነው።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ድካሙ ቀነሰ፤ የቀሩት ችግሮች ግን በማስተካከል የሚፈቱ አልነበሩም። የብስክሌቱ ዋና አካል ለቁመቷ ረጅም በመሆኑ መሪውን ለመያዝ በጣም ትዘረጋለች፤ መዳፏና ትከሻዋም ይደነዝዛሉ። የፊት ሹካው ዳገት ላይ በረገጠች ቁጥር ወደ ታች ይሰምጣል፤ መቆለፊያም የለውም። ከሁሉ የከፋው፣ በአካሉ ላይ የዕቃ መጫኛና ፓራፋንጎ የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች አልነበሩም። ከኮርቻው ዘንግ ላይ ብቻ የሚታሰር መጫኛ ሞከርን፤ ቦርሳው ሲጫንበት በየመታጠፊያው ወደ ጎን ይዞራል፤ ሊሸከም የሚችለውም ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ሌላ ብስክሌት መግዛቱ ትክክል መሆኑን ተስማማን። ያም ሆኖ በአሮጌው ላይ የጠፋው ጊዜ አልባከነም፤ ምን እንደሚያስፈልጋት በትክክል ያወቀችው በእሱ ነውና።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ከብስክሌቱ በፊት መንገዱን መለካት

ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት መንገዱን በካርታ ላይ ለካነው። የምሽቱ ዳገት በ1,200 ሜትር ውስጥ 70 ሜትር ይወጣል፤ ይህም 6 በመቶ ገደማ ነው። ከ8 ኪሎ ሜትሩ ውስጥ ብስክሌቱን የሚመርጠው ይህ 1.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ ምክንያቱም ሰው ብስክሌቱን የሚተወው በሜዳው ተማሮ ሳይሆን በዳገቱ ተሸንፎ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሰውዬዋ፣ ብስክሌቱና ጭነቱ በድምሩ 85 ኪሎ ግራም ናቸው እንበል። በ6 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ለመውጣት፣ የጎማውን ግጭት ጨምሮ፣ 110 ዋት አካባቢ ያስፈልጋል። ልምምድ የሌለው ጤናማ ሰው ለረጅም ጊዜ ሳይጨነቅ ሊያወጣ የሚችለው ወደ 100 ዋት ስለሆነ ይህ ሊቻል የሚችል ነው። በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ልውጣ ካለች ግን ከ220 ዋት በላይ ይጠየቃል፤ ይህ ደግሞ ለእሷ አይሆንም። ስለዚህ የሚያስፈልጋት ፔዳሉን በምቹ ፍጥነት፣ ማለትም በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል እያዞረች፣ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚያስኬዳት ቀላል ማርሽ ነው።

የክብደት ጉዳይም በዚሁ ስሌት ይታያል። ብስክሌቱ በ3 ኪሎ ግራም ቢቀል ከ85 ኪሎው ላይ የሚቀንሰው 3.5 በመቶ ገደማ ነው፤ ዳገቱም በዚያው መጠን ብቻ ይቀላል። ሻጮች ስለ ክብደት አብዝተው ያወራሉ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ምልልስ ትክክለኛ ማርሽ ከቀላል አካል እጅግ ይበልጣል። ክብደት ለእሷ የሚያስጨንቀው ሌላ ቦታ ነው፤ ደረጃው ላይ።

ከዳገቱ ሌላ ሦስት ነገሮችን መዘገብን፦ ጠዋት በእርጥብ ቁልቁለት ላይ የሚያስተማምን ፍሬን፣ 5 ኪሎ ግራም ጭነት ከጀርባዋ ወርዶ በብስክሌቱ የሚያዝበት መንገድ፣ እንዲሁም ዝናብና ፀሐይ ላይ ቀኑን ሙሉ መቆም። የዳገቱ አቅጣጫ በጎ ጎን እንዳለውም አስተዋልን። ላብ የሚያልባት ወደ ቤት ስትመለስ ስለሆነ በመሥሪያ ቤቱ መታጠቢያ አለመኖሩ እንደፈራችው አላስቸገራትም።

ሦስተኛው እርምጃ፦ መሞከር

ከምናውቃቸው ሰዎች ሦስት ብስክሌቶች ተውሳ እያንዳንዱን ከእነ ሙሉ ጭነቷ በዚያው ዳገት ላይ ሞከረች። በሱቅ ደጃፍ ሜዳ ላይ ባዶ እጅ የሚደረግ ሙከራ ስለ ኮርቻው ልስላሴ እንጂ ስለ ምልልሱ ብዙ አይናገርም።

የመጀመሪያው በኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ሦስት ማርሽ ያለው የከተማ ብስክሌት ነበር። በመልኩም በአቀማመጡም በጣም ወደደችው፤ ፓራፋንጎውና መጫኛው የተሟሉ፣ ሰንሰለቱም የተሸፈነ ስለሆነ ውጭ ለማደር ጭምር የሚመች ነው። ዳገቱ ላይ ግን አልሆነም። ሰንሰለቱ የሚዞርበት የፊቱ ጥርስ 44፣ የኋላው 18 ሲሆን፣ ቀላሉ ማርሽ ይህን በ0.75 ያባዛዋል። ይህም በአንድ የፔዳል ዙር 4 ሜትር ያህል ያስኬዳል ማለት ነው፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞር በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ከላይ የማይቻል ያልነው ነው። በ7 ኪሎ ሜትር ልሂድ ካለች ፔዳሉን በደቂቃ 30 ጊዜ፣ በየዙሩ በእጥፍ ጫና መርገጥ አለባት። ከዳገቱ አጋማሽ በታች ወርዳ ገፋችው። ሜዳ በሆነ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ይህን ብስክሌት ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነበር። ሞተሩ 250 ዋት ሆኖ እገዛው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቆም፣ በአውሮፓ ደንብ መሠረት የተሠራ ዓይነት ነው። ዳገቱን ሳትናገር ወጣችው፤ ፊቷ ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም። ነገር ግን ብስክሌቱ 23 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ባትሪው ተነቅሎ ለብቻው ቢወሰድ እንኳ የቀረውን እስከ ሁለተኛ ፎቅ መሸከም አልቻለችም፤ ውጭ እንዳይተው ደግሞ ስርቆት ያሰጋል። ታች የሚቆለፍ ክፍል ቢኖራት ኖሮ ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ታጣፊ ብስክሌት ነው። ለደረጃው ጥሩ ነበር፤ ትናንሾቹ ጎማዎቹ ግን በየስንጥቁ ጠልቀው ስለሚገቡ እጇን ያርገበግቡታል። መንገዱን ከፊል በአውቶቡስ ለሚጨርስ ሰው የታጣፊን ያህል የሚመች የለም፤ የእሷ መንገድ ግን ያን አይጠይቅም።

የመጨረሻው ምርጫ

የተመረጠው አራተኛው፣ በተለምዶ ሃይብሪድ (የተራራና የአስፋልት ብስክሌት ቅይጥ) የሚባለው ነው። ሹካው ሞላ የሌለው፣ ጎማው ባለ 622 ሚሊ ሜትር ቸርኬ (700 የሚባለው) ላይ የሚገባ ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ፍሬኑ ባለ ዲስክ፣ ክብደቱ 12.5 ኪሎ ግራም ነው። የፊቱ ትንሹ ጥርስ 28፣ የኋላው ትልቁ 32 ስለሆነ በአንድ የፔዳል ዙር ከ2 ሜትር ያነሰ ይሄዳል፤ በደቂቃ 60 ዙር ማለት በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የ38 ሚሊ ሜትሩ ጎማ ውስጥ ያለው አየር ለተሰነጠቀ አስፋልት በቂ ልስላሴ ስለሚሰጥ የሞላ ሹካው አላስፈለገም። በአካሉና በሹካው ላይ የመጫኛና የፓራፋንጎ ቀዳዳዎች አሉት። ልኩም ለቁመቷ የተሠራው ትንሹ ልክ ነው። ሻጩ አንድ ልክ የሚበልጠውን በቅናሽ ሊሰጣት ፈልጎ ነበር፤ እምቢ ማለቷ ከሁሉ የሚሻል ውሳኔዋ ይመስለኛል።

ከመነሻው የያዘችውን ገንዘብ ሁሉ ለብስክሌቱ አላዋለችም። የጀርባ መጫኛ፣ ከጎን የሚንጠለጠል ቦርሳ፣ ሙሉ ፓራፋንጎ፣ መብራት፣ ፓምፕና በፈረስ ኮቴ ቅርጽ የተሠራ ጠንካራ ቁልፍ ለመግዛት አስቀድማ ለይታ አስቀምጣ ነበር። እነዚህ ተጨማሪ ጌጦች ሳይሆኑ የብስክሌቱ አካል ናቸው ብሎ ማሰብ ይገባል።

የተሳካውና ያልተሳካው

ዳገቱ ተሳክቷል፤ ቀስ ብላ ነገር ግን ሳትወርድ ትወጣዋለች። ጭነቱ ከጀርባዋ በመውረዱ የሸሚዙ ነገር ቀረ። ወደ ፎቅ መሸከሙም ከአሮጌው በ3 ኪሎ ግራም መቅለሉን ደረጃው ላይ በየቀኑ ታውቀዋለች።

ያልተሳኩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ሆኖም ማንም አስቀድሞ አይነግርህም። የጎን ቦርሳው መጀመሪያ ሲታሰር ፔዳል ስትረግጥ ተረከዟ ይመታው ነበር፤ ቦርሳውን መጫኛው ላይ ወደ ኋላ በማንሸራተት ተፈታ። የኋላ መብራቱ በኮርቻው ዘንግ ላይ ስለነበር ረጅም ካፖርት ስትለብስ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፤ ይህን ያወቅነው በምሽት ከኋላዋ ስሄድ ነው፤ ከዚያም ወደ መጫኛው ጫፍ ተዛወረ። የፊቱ ፓራፋንጎ አጭር ሆኖ ጫማዋን ማርጠቡን ስላላቆመ ከታች የጎማ ምላስ ተጨመረበት። ወፍራምና ለስላሳ ኮርቻ ገዝታ ነበር፤ 8 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ስፖንጁ ሰጥሞ ይበልጥ ስላሳመማት ወደ መጀመሪያው ጠንከር ያለ ኮርቻ ተመለሰች። የጎማዎቹ ማሰሪያዎች ያለ መሣሪያ በእጅ የሚፈቱ፣ ለሌባም የሚመቹ ስለነበሩ በመፍቻ ብቻ በሚፈቱ ቀየርናቸው።

ዝናብ ላይ መዋሉ ሰንሰለቱን ጎድቶታል። አዲስ ሰንሰለት 12 ሙሉ ጥንድ ቀለበቶቹ (አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ) ሲለኩ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ 306.4 ሲደርሱ መቀየር አለበት፤ ካለፈ ጥርሶቹን ይዞ ይጠፋል። እሷም ይህን በማስመሪያ መለካት ተምራለች።

ለሌላ ሰው የሚተላለፈው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሰው ይሻገራል ብዬ የማስበው ዋነኛው ነገር፣ በብስክሌት ላይ በኋላ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን መለየት ነው። ጎማ፣ ኮርቻ፣ ፔዳል፣ የመሪ እጀታና መብራት በማንኛውም ጊዜ ይቀየራሉ፤ ስለ እነሱ ሱቅ ውስጥ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። የአካሉ ልክ፣ የመጫኛ ቀዳዳዎቹ፣ ሹካው ምን ያህል ወርድ ያለው ጎማ እንደሚያስገባና የፍሬኑ ዓይነት ግን ከግዢው ጋር ይወሰናሉ፤ ማርሽም ከፊሉ ይለወጣል እንጂ ባለ ሦስቱን ባለ ብዙ ማድረግ አያዋጣም። የገዢው ትኩረትም ገንዘብም በእነዚህ ላይ ቢውል ይሻላል። አሮጌው ብስክሌት የወደቀው በእነዚህ ነው፤ የተስተካከለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ነው።

ሌላው፣ መንገዱን ሳይለኩ ብስክሌት አለመጠየቅ ነው። የመንገዱ ከባድ ክፍል፣ የሚያዘው ጭነትና ብስክሌቱ የሚያድርበት ቦታ ሲታወቁ ከገበያው ውስጥ አብዛኛው በራሱ ይወጣል። በዚህ ጉዳይ ላይ የኤሌክትሪኩን ያስወጣው ደረጃው ነው፤ ባለ ሦስት ማርሹን ደግሞ ዳገቱ። ጎረቤቷ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ቢኖርና ወደ ሌላ አቅጣጫ በሜዳ ቢመላለስ ሁለቱም ለእሱ ጥሩ ምርጫዎች ይሆናሉ።

እስካሁን ያልተፈቱ ነገሮች

ትንሽ ልክ ያለው አካል ከትልቅ ቸርኬ ጋር ሲገጣጠም የሚመጣ አንድ ችግር አለ፤ በዝግታ ስትታጠፍ የጫማዋ ጫፍ የፊቱን ፓራፋንጎ ይነካል። ባለ 584 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ቢሆን ይህ በቀነሰ ነበር፤ በልኳ ግን ያኔ አላገኘንም። በፍጥነት ስትሄድ መሪው ብዙ ስለማይዞር አያሰጋም፤ በጠባብ ቦታ ስትዞር ፔዳሉን ሳታዞር ማለፍን ለምዳለች። ኃይለኛ ዝናብ ሲሆን ብስክሌቱን ትታ በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ይህን እንደ ሽንፈት እንዳትቆጥረው ነግሬያታለሁ። የጠዋቱ እርጥብ ቁልቁለት የፊት ፍሬኑን ሸራ ከኋላው ቀድሞ ስለሚበላው፣ ውፍረቱን ከሰንሰለቱ ጋር አብራ ትፈትሻለች።